እልልታ የማያስነሳ ዘፈን

የሰርግ ዘፈን መምረጥ ምን ይከብዳል ትሉኝ ይሆናል። እልልታ የማያስነሳ የሰርግ ዘፈን ፈልጉ ብትባሉ ያን ጊዜ እንነጋገር ነበር። እኔ ጣይባ፣ በረመዳን፣ አፌ በጾም ደርቆ፣ ኩዌት፣ ሩማይሲያ ሰፈር፣ አሰሪዬ ማዳም ቤት ልብስ እየተኮስኩ ሳምንቱን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ ስፈልግ የከረምኩት እሱን ነው። ጾመኛ ዲጄ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለጽጌ ስል ነው፣ አላህ ያውቅልኛል እያልኩ።

ጽጌረዳ የወልድያ ልጅ ናት፤ እኔ የሐይቅ። ኩዌት የገባነው ባንድ አውሮፕላን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። የእሷ ዕድል ሱራ ሰፈር ወጣ፤ ቤቱ አልሆነላትም፤ አራት ዓመት ችላ አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልትደፋ እንደወጣች ቀረች። አሰሪዋ ጠፋች ብሎ አመለከተ፣ ኢቃማዋ ተሰረዘ። መኖሪያ ወረቀት የሌላት ሰው ሆነች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የባንክ ዘበኛ እንኳ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ከተያዘች እስር ቤት፣ ከእስር ቤት አሻራ፣ ከአሻራ አውሮፕላን። አሻራ የሰጠ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ሙሽራው ሩፋኤል ወረቀት ያለው ሹፌር ነው፤ ታናናሾቹን የሚያስተምረው በዚህ ሥራ ነው፤ ተከትሏት አይሄድም። ስለዚህ ፖሊስ በር ካንኳኳ ትዳሩ በዚያው አበቃ። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ጊዜው የኮሮና ሁለተኛው ዓመት ነው። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ መውጣት የለም፣ መሰብሰብ የለም፣ ሰርግ የለም። ሲሰበሰብ የተያዘ የውጭ አገር ሰው ሻንጣውን ያዘጋጅ ይባላል። ቄሱ በስልክ ጸልየውላቸው፣ ቁርባኑ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ይሁን ብለዋል። ድግሱን ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ፣ አባሲያ ሰፈር፣ ያገራችን ሰው እትዬ ሙሉዓለም ቤት አደረግነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል፣ አሥራ አራት ሰው። ሐሪሱ፣ ያው የሕንፃው ጠባቂ ሳሊም፣ እትዬ ሙሉዓለምን አስቀድሞ አስጠንቅቋታል። “በረመዳን ከበሮ ከሰማሁ ለፖሊስ እደውላለሁ።” ያደርገዋል ደግሞ። ባለፈው ወር ለልደት የተሰበሰቡትን ፊሊፒኖች ያስያዘው እሱ ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱን ዘፈን በሁለት ጆሮ ነበር የምሰማው፤ በአንዱ እንደ ሰርገኛ፣ በሌላው እንደ ሳሊም። ለሙሽራዋ መቀመጫ ክራር ብቻ ያለበት ለስላሳ አገኘሁ። ሚዜዎችን ለማስጨፈር እስክስታ መረጥኩ፤ ትከሻ ድምፅ የለውም፣ ጫማ አውልቀው ምንጣፍ ላይ ይምቱት። ለኬክና ለጉርሻ ሰው አፉ ሙሉ ስለሆነ ትንሽ ደፈር ያለ ይቻላል አልኩ። ከበሮው ሊገባ ሲል እያስቆምኩ ደቂቃውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አንዱ ዘፈን በጣም ያምር ነበር፤ ገና ሲጀምር የኔው ምላስ ለእልልታ ተነሳ። ሰረዝኩት! የበር ክልከላውንም እንዳለ ሰረዝኩት። በሩን ዘግቶ፣ ሙሽራውን ደጅ አቁሞ፣ አንሰጥም እያሉ መጮህ? በዚህ ዘመን? አብደናል እንዴ?

ረቡዕ ጽጌ ደወለች። ታለቅሳለች።

“ጣይባ፣ በር ያልተዘጋላት ሙሽራ ምን ሙሽራ ናት? ወገን የላትም፣ እንደ ዕቃ ተነስታ ሄደች ነው የሚባለው።”

“ማን ይልሻል? ሳሊም?”

“እናቴ። በኢሞ ቪዲዮ ሆና የምታየው እሷ ናት እኮ። ከሁሉም ሲከለክሉሽ ልስማ ብላኛለች። እሱን ብቻ ነው የለመነችኝ።”

እናት ስትጠራ እኔ አልችልም። ወላሂ አልችልም። ለዚህ የሚሆን የተቀረጸ ዘፈን ግን የለም፤ ሁሉም ጩኸት ነው። ስለዚህ በሐይቅ ዜማ የራሴን ግጥም ገጠምኩ። ሴቶቹ በሹክሹክታ እንዲሉት፣ ጭብጨባው በሁለት ጣት እንዲሆን አዘዝኩ። ወንዶቹ የሚመልሱትን በድምፅ መልእክት ለአብርሽ ላክሁለት። አብርሽ አንደኛ ሚዜ ነው፤ ቀልድ ከምትቀርበት እራት ቢቀርበት የሚመርጥ ሰው። “አብርሽ፣ በሞቴ ታች ስትደርሱ በእኔ ስልክ ሁለቴ ደውለህ ዝጋ። ያን ጊዜ እናንተ መሆናችሁን እናውቃለን” አልኩት። እሺ አለ።

ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬን ከስፒከሩ ጋር አገናኝቼ ተቀመጥኩ። ጽጌ ነጭ ቬሎ ለብሳ ሶፋው ላይ ናት፤ ያማረባት አይነገርም። በእጇ የያዘችው ስልክ ላይ እናቷ ወልድያ ጎረቤት ቤት ተቀምጠው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ክራሩን ለቀቅኩ፤ ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። ለቅጽበት ፍርሃቱ ለቀቀን መሰለኝ። በዚህ መሃል ማዳሜ ደወለች። ጥሪው በስፒከሩ ወጥቶ ቤቱን አናወጠው! አንዷ ብርጭቆ ጣለች። ስልኩን ነቅዬ ኮሪደር ገባሁ።

“ጣይባ፣ ወይንች?” አለች ማዳም፤ የት ነሽ ማለቷ ነው። “አስር ሰዓት ላይ ሳምቡሳ መጀመር አለብሽ። ሰው ያለበት አልሄድሽም አይደል?”

“አልሄድኩም ማዳም።” በጾም አፌ ዋሸሁ።

ተመለስኩ፤ ደግማ ብትደውል ደግሞ ሊጮህብን ነው። ዘፈኖቹ ስልኬ ላይ የተጫኑ ናቸው፣ ኔትወርክ አያስፈልገኝም። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረግኩትና “አሁን ማንም አይደውልም” አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። አብርሽ የሚደውለው በዚሁ ስልክ መሆኑን ደሜ ውስጥ የገባው ድንጋጤ አስረሳኝ።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ወንዶቹ ዘገዩ። ሴቶቹ በሁለት ጣት ማጨብጨብ እየተለማመዱ ይሳሳቃሉ።

በሩ ተንኳኳ። ሦስቴ፣ በጠንካራ እጅ።

ስልኬን አየሁ፤ ምንም ጥሪ የለም። “አልደወሉም” አልኩ። ዘፈኑን ዘጋሁት። ሳቁ ባንዴ ጠፋ።

ከውጭ ወፍራም የወንድ ድምፅ በዓረብኛ ጮኸ። “ኢፍተሕ! ሹርጣ!”

ክፈት፣ ፖሊስ!

እትዬ ሙሉዓለም የኬኩን ቢላ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አንዷ ጫማዋን ትፈልጋለች፣ አንዷ መጋረጃ ውስጥ ገብታለች፤ እግሯ ከታች እየታየ! እየዳህኩ ማለት ይቻላል በር ደርሼ በቀዳዳው አየሁ። ጨለማ ነው። ከውጭ ሸፍነውታል።

“ኢፍተሕ!” አሁን በመዳፍ ነው የሚደበድበው። ሳሊም ደወለ፣ አለቀልን አልኩ። ዞር ስል ሶፋው ባዶ ነው።

ጽጌን ያገኘኋት ወጥ ቤት ነው። መስኮቱ የቧንቧና የቆሻሻ ውኃ መውረጃ ወዳለበት የሕንፃው መሃል ጉድጓድ ነው የሚከፈተው። አንድ እግሯ ውጭ ነው። ቬሎዋ የጋዙ ቱቦ ላይ ተጠምጥሟል። ስልኳን ደረቷ ውስጥ ወትፋዋለች።

“ጽጌ፣ ውረጂ።”

“በቧንቧው እወርዳለሁ።”

“ሦስተኛ ፎቅ ነው አንቺ!”

“አሻራ ከሰጠሁ በቃ፣ ጣይባ። ሩፋኤልን አላየውም፣ በቃ። ልቀቂኝ።”

“አልለቅሽም!” ብዬ ቀሚሷን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጨርቁ ሲተረተር ይሰማኛል። በዚህ አገር በመስኮት የወጣች ልጅ ወሬ ያልሰማ ሐበሻ የለም፤ ሁላችንም አንዲት እናውቃለን። ጽጌ ታለቅሳለች ግን ድምፅ የላትም። “እትዬ!” አልኩ በሹክሹክታ። ሙሉዓለም መጥታ ወገቧን አቀፈቻት። ያም ሆኖ ወደ ውጭ ትጎትታለች። በዚያ ቀጭን ገላ ያ ሁሉ ኃይል ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ያኔ ሽቶ ሸተተኝ። በበሩ ሥር እየገባ፣ የሚያፍን የወንድ ሽቶ። ሚዜ ሲገባ ሽቶ ይረጫል! ልቤ ዘለለ። ቆይ ደግሞ፣ የኩዌት ፖሊስ ሽቶ አይቀባም? ከሱ በላይ ማን ይቀባል? “ማነው?” ብዬ በአማርኛ ብጠይቅና ፖሊስ ቢሆን፣ ሰው እንዳለ ነገርኩት ማለት ነው። ዝም ብል ልጅቷ ትወድቃለች።

ማን መሆኑን የሚለይልን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያንን ግጥም ከእኛ ሌላ የሚያውቀው አብርሽ ነው።

ወደ በሩ ሄድኩ። ፖሊስ ከሆነ ኢቃማዬም፣ ሥራዬም፣ ሁሉም በዚህች ዘፈን ሄደ። ቢስሚላህ ብዬ አፌን ከበሩ ስንጥቅ ላይ አደረግኩ። ቀስ ብዬ አዜምኩ።

አልሰማንም እኛ የሰው ኮቴ እንኳ፣
በሩ ላይ ማን አለ? ንፋስ ነው ያንኳኳ።

ድብደባው ቆመ።

ከኋላዬ የቬሎው ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ። ያ ረቢ፣ ምን አደረግኩ አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ፣ ከበሩ ማዶ፣ ዜማው የጠፋበት የአብርሽ ድምፅ መጣ።

ንፋስ አይደለንም ሰው ነን ባለ ጉዳይ፣
ክፈቱልን በሩን ሙሽራችንን እንይ።

ከፈትኩ። ሦስት ሱፍ የለበሱ ወንዶች፣ ማስክ እንዳጠለቁ። አብርሽ አውራ ጣቱን ከቀዳዳው ላይ እያነሳ ይስቃል።

“ክልከላ እንዲህ ነው እንጂ ጣይባ! ትንፍሽ የሚል እንኳ ጠፋ እኮ! ስልክሽ አልሠራ ሲለኝ እኔም ትንሽ ልጨምርበት ብዬ...”

በጥፊ አልኩት። ማስኩ ወደ ጆሮው ዞረ። ሩፋኤል ፊቴን አይቶ “ጽጌስ?” አለ፤ መልስ አልጠበቀም፣ ወደ ወጥ ቤት ሮጠ።

ሙሉዓለምና እሱ ጎትተው አስገቧት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ አንድ ጫማዋ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል፣ እግሯ ተልጦ ይደማል። ሩፋኤል እግሯን በሱፉ ኮት ጠቅልሎ ያዘ። አብርሽ ደጃፉ ላይ ቆሞ አያት፤ መስኮቱን አየ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም እሱን የምቆጣበት አቅም አልነበረኝም። የጥፊው እኩሌታ ለራሴ ይገባ ነበር።

ያን ጊዜ ከጽጌ ደረት ውስጥ ድምፅ መጣ። “ሃሎ? ጽጌዬ?”

እናቷን ረስተናቸው ነበር። ከመጀመሪያው ኳኳታ ጀምሮ ስልኩ አልተዘጋም። ጽጌ አወጣችው። በስክሪኑ ላይ እናቷ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

“ጨለመብኝ፣ ድምፁም ተቆራረጠብኝ እንጂ ሰምቻለሁ” አሉ። “ልቀቂኝ ስትዪ፣ አልለቅም ሲሉሽ፣ በሩ ሲደበደብ። እኔስ እሰው አገር ማን ይከለክልላታል ብዬ ሳለቅስ ነው የከረምኩት። በወልድያም እንዲህ ተከልክሎ የተሰጠ ልጅ አላየሁም! ወገን አለሽ ለካ ልጄ።”

ጽጌ እኔን አየችኝ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

“አዎ እማዬ” አለች። “አንሰጥም ብለው ነው።”

እናቷ ተነሱ። አንገታቸውን ቀና አድርገው እልልታውን ለቀቁት። ያን ሳምንት ሙሉ ስሸሸው የከረምኩት እልልታ፣ ስልኩ በሙሉ ድምፅ ላይ እንዳለ፣ የወጥ ቤቱን ግድግዳ እየመታ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። በዚያው ቅጽበት በተከፈተው በር በኩል ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ ወደ ላይ የሚመጣ። ሳሊም!

አንዱ በሩን ገፍቶ ዘጋው። እኔ ስልኩን ከጽጌ እጅ ነጥቄ ድምፁን ቀነስኩ። ቀነስኩ፣ ቀነስኩ፣ ዜሮ አደረስኩት። የእናት እልልታ ነው ያጠፋሁት። እናቷ በስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምላሳቸው እየተርገበገበ፣ ያለ ድምፅ እልል ይላሉ፤ እኛ አሥራ አራት ሰዎች ትንፋሻችንን ይዘን እናያቸዋለን። ኮቴው በራችን ላይ ደረሰ። ቆመ። ሩፋኤል የጽጌን ጆሮ በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዚያ ኮቴው አለፈ፤ ወደ ጣሪያ፣ ወደ ውኃ ጋኑ።

ኮቴው እስኪጠፋ ጠበቅን። ድምፁን መልሼ ስከፍተው እልልታው አልቆ ነበር። እናቷ እያለከለኩ ወደ ካሜራው ጠጋ አሉ።

“ሰማችሁኝ?” አሉ።

“ሰማንዎት፣ እማማ” አልኩ።