ደብል ማለት
መስታወት ገጣሚው ከመኪና መሸጫው ሲመለስ ፊቱ እንደ ተወለወለ መስኮት ያበራ ነበር። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ለሚስቱ የምሥራቹን ነገራት፤ በስልክ እንዳለችው ደብሉን መርጦ፣ እስከ ነገ ለሌላ እንዳይሰጡበት አደራ ብሎ መጥቷል። ከኋላ ሦስት ሰው እንደ ልቡ ይቀመጣል። የልጅ ልጆቻቸው ተመቻቸው ማለት ነው።

ሚስቱ የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«የምን ልጆች?»

«ደብል አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ።»

«ደብል ጋቢና ነዋ ታዲያ።»

እሷ ደብል ያለችው ዲፈረንሻሉን ነበር፤ የፊቱም የኋላውም ጎማ የሚጎትት መኪና። ሃያ ስድስት ዓመት አምቡላንስ ስትነዳ፣ በዚህ ዓመት ጡረታ እስከወጣችበት ቀን ድረስ፣ በሾፌሮቹ መሀል «ደብል» ሲባል ሌላ ትርጉም ኖሮት አያውቅም። ስለ ወንበር ያነሳ ሰው አልነበረም።

አልተቆጣችም። ከባሏ የሥራ ካፖርት ኪስ ሜትሩን አወጣች፤ ይዞት ከመጣው ወረቀት ላይ የካሶኒውን፣ የኋላውን የዕቃ መጫኛ፣ ርዝመት አነበበችና ሜትሩን ወለሉ ላይ ዘረጋችው። አንድ ሜትር ተኩል። መኪናው የሚጭነው፣ ለጤና ጣቢያው የተቆረጠው መስታወት ደግሞ ሁለት ሜትር ከአሥር ነው። መለካት እንጀራው የሆነው ሰውዬ ሳይለካ መጥቶ ኖሮ፣ የሚገባበት ጠፋው።

ነገሩ ለቀልድ የሚሆን አልነበረም። ጤና ጣቢያው ከከተማው በላይ፣ ቀይ አፈር የለበሰ ዳገት ጫፍ ላይ ነው። የማዋለጃ ክፍሉ ሰፊ መስኮት ከተሰበረ ወዲህ በኮምፐርሳቶ ተሸፍኖ፣ አዋላጇ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርታ ትሠራለች። መስታወት ገጣሚው በአሮጌው ፒካፕ ሁለት ጊዜ ሞክሮ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስብርባሪ ጭኖ ወርዷል። ሦስተኛው ካልተሳካ ግን፣ አዋላጇ እያፈረች እንደነገረችው፣ መስኮቱ በብሎኬት ይደፈናል። እሱም በከተማው ውስጥ የገጠማቸው መስታወቶች ሁሉ ተረስተው፣ በዚያ በተደፈነ መስኮት ብቻ እንደሚነሳ አልጠፋውም።

በማግስቱ አብረው ሄዱ። በመንገድ ላይ እነዚያ ሁለቱ ለምን እንደተሰበሩ ሳይጠይቃት ነገረችው። መስታወት ቀላል ጭነት ነው፤ የኋላው ጎማ መሬቱን የሚቆነጥጥበት ክብደት አያገኝም። ስለዚህ ይንሸራተታል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ድንገት ይይዝና መኪናውን ያስፈነጥረዋል።

«አንተ ደግሞ ያኔ ነዳጅ ትጨምርለታለህ» አለችው።

«አዎ፣ እጨምርለታለሁ» አለ።

ሻጩ ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት ነው። መጀመሪያ የሚያወራው ከባልየው ጋር ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ሌላ መሆኑን እስኪረዳ ጥቂት ቆየ። የቤንዚኑ ሞተር በፈረስ ጉልበት የናፍጣውን እንደሚያስከነዳ፣ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ እንደሚወጣው ነገራት።

«ይቺ ናፍጣዋ እኮ እናቴ፣ ቀርፋፋ ናት።»

«ቀርፋፋ ነው የምፈልገው ልጄ» አለችው።

ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለችና በፊተኞቹ ጎማዎች መሀል አጮልቃ ዲፈረንሻሉን አየች። ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጠው ዝግ ብሎ ሲዞር ነው ወይስ ሲጮህ? ከዋናው ማርሽ ሌላ ለዳገት የሚሆን ከባድ ማርሽ አለው? ወጣቱ ሁለቴ ቢሮ ገብቶ መጽሐፉን እያገላበጠ ተመለሰ። ባሏ የእጅ ቦርሳዋን አንጠልጥሎ ከኋላዋ ቆሟል። ከጎኑ የነበረ ገበያተኛ የሚስቱን ጥያቄ ሰምቶ ዞር ብሎ ሲያያት፣ ቦርሳውን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ የማን ሚስት እንደሆነች እንዲታወቅ።

ናፍጣዋን፣ ነጠላ ጋቢናዋን፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻሏን ይዘው ወጡ።

የሚወጡበት ቀን ሲደርስ ዳገቱ ዝናብ ጠጥቶ ሳሙና መስሎ ነበር። መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ካሶኒው ላይ በቆመው የእንጨት መደገፊያ አስረውታል። ከዳገቱ ሥር ቆመች፤ አጭሯን ዘንግ ጎትታ ከባዱ ማርሽ ውስጥ አስገባችና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች። መኪናዋ መውጣት ጀመረች። ባልየው ከኋላ ስንጥቅ የሚል ድምፅ ይጠብቃል። የሚሰማው ግን የናፍጣው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ቦዩ ጋ፣ ሁለቱም ጊዜ የተሰበረበት ቦታ ሲደርሱ፣ ዓይኑን ወደ እግሯ ጣለ። ሁለቱም ጫማዎቿ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አርፈዋል፤ አንዱም ነዳጅም ሆነ ፍሬን አልነካም። መኪናዋ በከባዱ ማርሽ ብቻዋን ትወጣለች። ከአጠገባቸው በእግሩ የሚወጣ ሰው ቀድሟቸው ሄደ።

ሃያ ስድስት ዓመት በሽተኛ የጫነችው በዚህ እግር ነው ብሎ አሰበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወደ መስኮቱ ዞረ።

አዋላጇ ግቢው በር ላይ ጠበቀቻቸው። ብርድ ልብሱን ገልጣ አየች፤ ጭረት የለውም።

«ጋሼ፣ በምን ተአምር ደህና ገባ?»

«ደብል ነዋ።»

አዋላጇ ጋቢናውን አየችው። «ይሄ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዘው?»

መስታወት ገጣሚው ጉሮሮውን ጠረገና፣ ደብል ማለት ወንበሩ ሳይሆን ዲፈረንሻሉ መሆኑን፣ ቀላል ጭነት ለምን ጎማ እንደሚያንሸራትት፣ ከእናቱ ማሕፀን አውቆት የወጣ ይመስል አስረዳት። ሚስቱ ጎማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ እያየች ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ያንን አየና ንግግሩን አቆመ።

«የመረጠችው እሷ ናት» አለ። «የነዳችውም እሷ ናት። ስለ ወንበር ያሰብኩት እኔ ነኝ።»

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መስታወቱ ተገጠመ። አዋላጇ መብራቱን አጠፋች፤ ኮምፐርሳቶውን ዘበኛው ለዶሮዎቹ ቤት ወሰደው።