የይርዳው ጥንቸሎች

የባሌ የይርዳው ጥንቸሎች በሰው ስም ሲጠሯቸው «አቤት» ይላሉ። ይህን ያወቅነው ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ አንዷን ልናርድ የወጣን ዕለት ነው።

ይርዳው አሥራ ሁለቱን ያረባው ለክፉ ቀን ብሎ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። እርዳታ ወደሚታደልበት ሲሄዱ ታናሽ እህቱ ጥሩዬ መራመድ አቅቷት ዛፍ ሥር ቀረች። ከኋላው ስሙን እየጠራች አለቀሰች። እናቱ «ዞረህ እንዳታይ» ስላለችው «አቤት» ሳይላት ሄደ። ስለዚህ ጎረቤት «ደግሞ ርኩስ ሥጋ ልትበላ ነው?» እያለ ሲስቅበት፣ እሱ ሣር ያጭድላቸዋል። ለማረድ እንዳይከብደን ስም አታውጡላቸው ብሎናል።

ያን ዕለት ጎተራው ባዶ ከሆነ ሳምንቱ ነበር። ልጃችን፣ ስሟን አልናገርም፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው የቀመሰችው። ይርዳው ግራጫዋን ጥንቸል በጆሮዋ ያዘና፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ «ጥሩዬ» አላት።

«አቤት» አለች፤ በሕፃን ድምፅ።

ቢላዋውን መሬት አስቀመጠ።

«እሷ ናት» አለኝ።

«እንግዲያው ሌላዋን ያዝ!»

ሌላዋን ያዘ። በሟች እናቱ ስም ጠራት። እሷም «አቤት» አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለምን ትጠራቸዋለህ? ዝም ብለህ አትይዝም?»

«አልችልም። እንዴት ሁለቴ ልጣቸው?»

አንጀቴን በላው፤ ግን የልጄ ዓይን ጎድጉዷል። ቢላዋውን ከመሬት አነሳሁ። «በስመ አብ» ብቻ ብዬ ነጩን አረድኩ።

እኩለ ቀን ላይ ወጡ ደረሰ። ልጄ ሁለት ጭልፋ በልታ መደቡ ላይ ጋደም አለች፤ ፊቷ ትንሽ ወዛ። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ባሌን ጠራሁ።

«ይርዳው! ና ብላ!»

«አቤት!» አለኝ፤ ከጥንቸሎቹ ቤት።

ወጣሁ። ጋቢው ሣሩ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጫማው አጠገቡ ነው። የቤታቸው የሽቦ በር እንደተቆለፈ ነው። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሁለት ናቸው። አንዱን ግን አርጃለሁ።

ሮጬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ልጄ መደቡ ላይ የለችም። ውጭም የለችም። ወደ ጥንቸሎቹ ዞሬ ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ።

አሁን አሥራ ሦስት ናቸው፤ ሁሉም ጆሯቸውን አቁመው አፌን ያያሉ።