ለኮከብ ያልወጣው ቃሬዛ

የሰንበቴው ማኅበር በቦንጋ ስሙ የተመሰገነ ነበር። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ከቅዳሴ በኋላ ብቻውን ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እጁን ይዘው ያስገቡታል፣ ያበሉታል፣ ያጫውቱታል። የታመመ ይጠየቃል፣ የሞተ በወግ ይቀበራል። አስካለማርያም የማኅበሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ይዛ ሃያ ዓመት አገልግላለች።

አሞጽና ሚስቱ ኮከብ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አጥር ውጭ ነበር የሚቆሙት። የማንጆ ወገን ናቸው፤ በማንኪራ መንገድ በኩል ከሰል እያከሰሉ ይኖራሉ። ከተጠመቁ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ሆኖም ማንጆ ከሌላው ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም የሚለው የቆየ ልማድ በጥምቀታቸው አልተሻረም። አስካለማርያም ድርሻቸውን በኮባ ጠቅልላ፣ እጇ እጃቸውን እንዳይነካ ከፍ አድርጋ ትጥልላቸዋለች። ኮከብ ሁልጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ትላለች። አስካለማርያምም በደግነቷ ደስ ብሏት ትመለሳለች።

በሐምሌ ወር በአንድ እሑድ፣ ቄስ ለገሰ ስለ ፍቅር አስተምረው ማኅበርተኛው ለምሳ እንደ ቀረበ፣ አሞጽ አጥሩን አልፎ ገባ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ኮከብ በወሊድ ሞተችብኝ» አለ። «ልጅቷ ተርፋለች። ቃሬዛውንና የሚሸከም ሰው ፈልጌ ነው።»

የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ቀጸላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግዚአብሔር ያጽናህ። ቃሬዛው ግን ተሰብሯል። ዝናቡም እንደምታየው ነው።»

አሞጽ ወደ አስካለማርያም ዞሮ አያት። ቃሬዛው ደህና ነበር፤ ጠዋት ዕቃ ቤቱን ስትጠርግ በገዛ እጇ አንስታ ግድግዳው ላይ አስደግፋዋለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አንገቷን ደፋች። አሞጽ ትንሽ ጠብቆ ወጣ። ቄስ ለገሰ መስቀላቸውን ይዘው ብቻቸውን ተከተሉት። ጋሽ ቀጸላ ለሟቿ አቡነ ዘበሰማያት አስደገሙና ሰዉ ወደ ምሳው ተመለሰ።

አስካለማርያም እንጀራዋን ሳትነካ ተወችው። ለማንም ሳትናገር ተነስታ፣ ብቻዋን ልትሸከመው የማትችለውን ቃሬዛ ትታ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

በማንኪራ መንገድ ካለው ወንዝ ማዶ አገኘቻቸው። አሞጽና ወንድሙ አስከሬኑን በሰሌን ጠቅልለው፣ በሁለት እንጨት ላይ አስረው ወደ መቃብሩ ይመጣሉ። ቄስ ለገሰ በዚያ እርጅናቸው ከኋላ አንዱን ጫፍ ይዘዋል። እሷም ሌላውን ጫፍ ያዘች። ዳገቱ ላይ አዳለጣቸውና አስከሬኑ ጭቃው ላይ ወደቀ። ተንበርክካ ሰሌኑን በነጠላዋ ጠረገች። ኮከብን በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ነክታት አታውቅም።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ «ቃሬዛው ደህና ነበር» አለችው።

«አውቄያለሁ» አለ አሞጽ። «እሳቸው ተናግረው ሲጨርሱ እኔ የእርስዎን ፊት ነበር ያየሁት።»

በሚቀጥለው እሑድ ማኅበሩ ፊት ቆማ «ዋሽተናል» አለች። «እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ።» በሳምንቱ ጋሽ ቀጸላ «ዕድሜሽም ገፍቷል፣ ትንሽ ዕረፊ» ብለው ቁልፉን ተቀበሏት። ኮከብን መሸከሟ ከተሰማ ወዲህ፣ አብረዋት ያረጁት ሴቶች እሷ የነካችውን አይቀምሱም።

አሞጽ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ተወ። አስካለማርያም በየእሑዱ ለሕፃኗ ወተት ይዛ እየሄደች፣ ልጅቷን ለምታሳድጋት ለአሞጽ እናት ትሰጣለች። ብዙ ሳምንት እሱ ከቤት ወጥቶ አላናገራትም። መስከረም ሊያልቅ ሲል ደጁ ላይ ጠበቃት።

«ልጅቷ ሰማንያ ቀኗ እየደረሰ ነው» አለ። «ክርስትና የሚያነሳት ሰው የለም።»

«እኔ አነሳታለሁ።»

«ዘመድ ያደርገናል እኮ። ይጠሉዎታል።»

«ጠልተውኛል።»

አሞጽ ወተቱን ከእጇ ተቀበለ። «አስጠምቃታለሁ። እናቷ ትፈልግ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የምመለስ አይመስለኝም።»

አስካለማርያም ልለምነው ብላ አሰበች፤ ግን በምን አፏ?

በጥምቀቱ ቀን ቄስ ለገሰ ሕፃኗን ከውኃው አውጥተው ሰጧት። እየጮኸች ነበር። በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ አሞጽን ከኋላዋ አስከትላ ወደ ግቢው ወጣች። ከቅዳሴ የወጣው ሰው ግራና ቀኝ ሸሽቶ መንገድ ለቀቀላቸው። ለክብር አልነበረም።