በስምንተኛው ኮምፒውተር ላይ ዝናብ

1.

አትንኩ!!!

(ስምንት ወረቀት፣ ስምንት ኮምፒውተር፣ ወፍራም ማርከር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቃለ አጋኖ በዛ ያለኝ ሰው ነበር። አለመብዛቱን አሁን ታያላችሁ።)


2. ውል

«እኔ ዘርጋው ኬርጋ፣ ወልቂጤ መናኸሪያ ጀርባ ያለው ጌም ቤት ባለቤት፣ በሚከተለው ተስማምቻለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የሚጀመረው የመኪና ጨዋታ ውድድር በስምንቱ ኮምፒውተሮች ያለ እንከን ካለቀ፣ ኮምፒውተሮቹ ይቆያሉ። አንዱ አንዴ እንኳ ድርቅ ካለ፣ ስምንቱም ለቆራሌ ይሸጣሉ፤ በቦታቸው የእህቴ ልጅ ዳጊም ፕሌይስቴሽን ያስገባል።»

ውሉን ከጋሽ ዘርጋው ጋር የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ምንታምር። ኮምፒውተሮቹ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ። ይህ በውሉ አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገውም። ፕሌይስቴሽን ለማብራት እኔን የሚፈልግ የለም። የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በነዚያ ስምንት ላይ ነው። ዲግሪ የለኝም። የማላውቀውም ብዙ የለም።


3. ለማያውቁ (አልፈርድባችሁም)

የድሮው ዊንዶውስ ጊዜው አለፈ። አዲሱ ደግሞ ኮምፒውተሮቼን አርጅታችኋል ብሎ ከበር መለሳቸው። ሊነክስ ጫንኩባቸው። ጨዋታው ግን ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ሥዕል የሚያዘው በራሱ ቋንቋ ነው፤ የኔዎቹ ያንን ቋንቋ አይሰሙም።

ስለዚህ መሀል ላይ አስተርጓሚ ፕሮግራም አስቀመጥኩ።

ጎበዝ ነው። አንድ አመል ብቻ አለው፤ አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ቆም ይላል። አቧራ ያያል፤ ይቆማል። የመስታወት ነጸብራቅ ያያል፤ ይቆማል። ዝናብ ላይማ ሽምግልና የተቀመጠ ነው የሚመስለው። አንዴ የተረጎመውን ግን በደብተሩ ያሰፍራል፤ ሁለተኛ አይቆምም።

ደብተሩን ስንቅ እለዋለሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በስምንቱም ላይ እያንዳንዱን መንገድ ነዳሁ፤ በፀሐይ፣ በጭጋግ፣ በዝናብ። ዓርብ ማታ ቤቱ ሲዘጋ ስምንቱም ስንቃቸውን ይዘው ነበር።

ዳጊም የኮምፒውተር ጨዋታ ዘመን አብቅቷል ይላል። እኔ ደግሞ ጨዋታ «የማን ማሽን ነህ?» ሳይል በሁሉም ላይ የሚሮጥበት ዘመን ገና መጀመሩ ነው እላለሁ። ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል። ዳጊም ነው።


4. ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት (ንግግሩ እንዳለ)

ጋሽ ዘርጋው፦ ነይ ምንታምር! ዛሬ እንኳ ታመሰግኚኛለሽ።

እኔ፦ ምን አደረጉ?

ጋሽ ዘርጋው፦ ጠረግኩልሽ። ተራ በተራ እያበራሁ፣ ያንን የተጠራቀመ ኮተት ሁሉ ሙልጭ። እንዲፈጥኑልሽ ብዬ ነዋ!

እኔ፦ ወረቀቱን አላዩትም?

ጋሽ ዘርጋው፦ አየሁት እንጂ። ለደንበኛ መስሎኝ።

ዳጊም (ትልቅ ቴሌቪዥን ተሸክሞ እየገባ)፦ ኢንጂነር፣ ይቺን የት ላሳርፋት?

እኔ፦ [ተሰርዟል]


5.

(እዚህ ቦታ ላይ የስንቁን ቅጂ ለምን ሌላ ቦታ እንዳላስቀመጥኩ የሚያስረዳ ክፍል ነበር። ጠፋ። ቅጂ የለውም።)


6.

ጋሽ ዘርጋው ክፉ ሰው አይደሉም። ቤቱ ድሮ ኢንተርኔት ካፌ ነበር። ሰው ፎቶውን፣ የፍቅር ደብዳቤውን፣ የዲቪ ፎርሙን ክፍቱን ትቶ ይሄዳል። እሳቸው በማግስቱ ማለዳ፣ በሩ ሳይከፈት፣ አንዱንም ሳያነቡ ያጠፉታል። «የሰው ገመና ቤቴ ውስጥ አይሰነብትም» ይላሉ። ከተማው የሚያከብራቸው ለዚህ ነው። ካፌው ጌም ቤት ሲሆን ልማዱ ቀረ እንዳይመስላችሁ፤ ከየቀኑ ወደ ወር አንዴ ወረደ እንጂ።

ሊነክስ ሲገባ መጥረጊያው የት ሄደ ብለው ተጨነቁ። አንድ ጊዜ ሲጫን ሁሉን የሚጠርግ ቁልፍ ሠራሁላቸው። የመጥረጊያ ሥዕል አለው።

ሥዕሉንም የሳልኩት እኔ ነኝ።


7. ቆጠራ

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፦ ባዶ።

አራት፦ ሙሉ። ወረቀቱን የለጠፍኩት ማብሪያው ላይ ነበር፤ ጋሽ ዘርጋው ማብሪያውን ፈልገው አጡት፤ «ይህቺስ ንጹሕ ትመስላለች» ብለው አለፏት።

ከአንድ እስከ አምስት ያሉት መንትዮች ናቸው። የአራትን ስንቅ ገለበጥኩላቸው፤ በሩብ ሰዓት አለቀ።

ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፦ ባዶ። ሦስቱም ከየራሳቸው እናት ናቸው፤ የአራት ስንቅ አይስማማቸውም። እያንዳንዳቸው እንደገና መነዳት አለባቸው፤ የውድድሩ መንገዶች ብቻ ቢሆኑም አንድ ሰዓት ተኩል።

እስከ ውድድሩ የቀረው፦ አንድ ሰዓት ከአርባ።

ነጂ፦ እኔ፣ ስድስተኛው ላይ።

ነጂ፦ ጋሽ ዘርጋው፣ ሰባተኛው ላይ (በጨዋታም በእውንም መኪና ነድተው አያውቁም)።

ነጂ፦


8.

ዳጊም ክንዱን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳርፎ ያየናል። ወልቂጤ ውስጥ ከሱ የተሻለ ነጂ የለም። በጨዋታ ማለቴ ነው።

ዳጊም፦ አንድ ሰው የጎደላችሁ መሰለኝ።

እኔ፦ ምንም አልጎደለን።

ጋሽ ዘርጋው (ግንብ እየገጩ)፦ ጎድሎናል!

ዳጊም፦ እሷ ትጠይቀኝ።

እኔ፦ አንተን? እሳት ላጠፋ ቤንዚን ሻጭ ልጥራ?

ዳጊም፦ እንግዲያው ንጂዋ፣ ኢንጂነር። ሁለት እጅ አይደል ያለሽ? በአንዱ ይቺን፣ በአንዱ ያቺን።

ጋሽ ዘርጋው፦ ምንታምር፣ በእናትሽ! ሰዓቱ!

ከዚህ በታች አንድ ቃል አለ። በሃያ ሦስት ዓመቴ ሦስት ጊዜ ብያታለሁ። ሁለቱን ለጥርስ ሐኪም።



እባክህ።



9.

ዳጊም ስምንተኛው ላይ ተቀመጠ። አልሳቀም። ብዙ እንዲስቅ ፈልጌ ነበር፤ ለመጥላት ይመች ነበር።

ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ተነሳ።

እኔ፦ ዝናቡን ነዳኸው?

ዳጊም፦ ነዳሁት።

እኔ፦ ገደሉ ጋ ያለውን ኩርባስ? በዝናብ?

ዳጊም፦ ነዳሁት አልኩሽ እኮ።

የስንቁን መጠን አየሁ። ትልቅ ነው። መጠን ግን የጎደለውን አይናገርም። ነድቼ ላጣራ ስል ተወዳዳሪዎቹ በሩን ሞሉት።


10.

ዕጣ ወጣ። ስምንተኛው ለአንድ የባጃጅ ሹፌር ደረሰው። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አደረገ፤ መሪ የለውም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የለውም አልነው።

ሰባቱ ዙሮች ያለ እንከን አለቁ። ስድስተኛዬ እንደ ቅቤ ነው። ሰባተኛውም፣ ግንብ ያለበትን ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል።

የመጨረሻው ዙር በገደሉ መንገድ ነው።

ጋሽ ዘርጋው ጀርባቸውን ለስክሪኖቹ ሰጥተው ግድግዳውን ያያሉ። የቀሩት ሁሉ ስክሪን ያያሉ። እኔ ዳጊምን አያለሁ። የቴሌቪዥኑን ሶኬት በእጁ ይዟል። ማከፋፈያው እግሩ ሥር ነው። አልሰካውም። አላስቀመጠውምም።

ይህን በየትኛው ኮምፒውተር እንደጻፍኩት አትጠይቁኝ።

ዝናቡ ጀመረ። ባለባጃጁ ሰውዬ በእውኑ መንገድ እንደሚያደርገው አንገቱን ቀበረ። ውሃው አስፋልቱን ሞላው። ኩርባው መጣ። ታጠፈ። ስምንተኛው ኮምፒውተር

(ጽሑፉ እዚህ ላይ ድርቅ አለ።)