የጭቃ ሹሙ ለቅሶ ቤት

«ፈንታ ብላችሁ አልቅሱት፤ ካሻችሁም ጓድ ፈንታ። ጭቃ ሹም የሚባል ግን በዚህ አገር ቀርቷል!»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንየው ይህን የተናገረው በሠልስቱ ዕለት፣ ለቅሶ ቤቱ መሀል ቆሞ ነው። አስለቃሿ ባንቺዓለም ሙሾዋን አቋርጣ ወደ ሟቹ ልጅ ወደ ታንጉ ጠጋ አለች።

«ያስሩኛል ልጄ። ማዕረጉን ልዝለለው?» አለቻት በሹክሹክታ።

ታንጉ ዞራ እንየውን አየችው። አባቷ ያለ ማዕረጋቸው ከተለቀሱ፣ የኖሩት ሁሉ እንዳልነበረ ሊቆጠር ነው። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ርስቱንም ጠመንጃውንም ያለ አንድ ቃል አስረክበዋል። ሰው ማስታረቅ ይተዉ ሲባሉ ግን አውድማቸው ላይ እንደ ተቀመጡ፣ «ይህን መንግሥት አልሰጠኝም፤ መንግሥትም አይነጥቀኝም» አሉ። አርብ ገበያ ላይ የፍርድ ሸንጎ ተከፍቶም ደመኛ የሚመጣው ወደሳቸው ነበር። ይኸው እንየው እንኳ ያጎቱን ደም ሊመልስ ጠመንጃ ሲወለውል፣ አስታርቀው ለትዳር ያበቁት እሳቸው ናቸው። ውለታ ቢስ!

«ይቅር እትዬ፤ እኔው አለቅሳቸዋለሁ» አለችና ብድግ አለች። ደረቷን እየደቃች አወረደችው፦

«አርብ ገበያ ሞልቶ ሰው እየተጋፋ፣
ጭቃ ሹም ፈንታ ነው አንዱ ሰው የጠፋ።»

«ያዛት!» አለ እንየው፣ አብሮት የመጣውን ታጣቂ።

ታጣቂው ወስዶ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዘጋባት። ለቀስተኛው ተያየ። ኀዘንተኛ ብቻዋን አትተውም፤ ለቅሶ ቤት ማለትም ኀዘንተኛዋ ያለችበት ነው። ባንቺዓለም አጎዛዋን ጠቅልላ ተነሣች። ቤት ሙሉ ሰው ንፍሮውንም ጋኑንም ተሸክሞ ተከተላትና ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። እንየው ጮኸ፣ ዛተ፤ ማን ሰምቶት!

በማግሥቱ ከወገዳ የመጡ ለቀስተኞች ታጣቂውን መንገድ ላይ አገኙት።

«የጭቃ ሹም ፈንታ ለቅሶ ቤት በየት በኩል ነው ወንድሜ?»

«ጽሕፈት ቤቱ ነው» አላቸው። ሌላ ምን ይበል?

እንግዶቹ ሲደርሱ ባንቺዓለም ፍርሃቷን የት እንደ ጣለችው እንጃ፣ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ጭቃ ሹም!» አለች። ደጃፉ ሁሉ ተቀበላት።

ታንጉ እስከዚያች ሰዓት እልኹ ይዟት እንባ ጠብ አላላትም ነበር። አሁን ጣቶቿን በበሩ ስንጥቅ አሾለከች። ባንቺዓለም ከውጭ ሆና ጥብቅ አድርጋ ያዘችላት፤ ታንጉም አባቷን አለቀሰች።