ያልታጠበ ሻርፕ

ልጄ ደውላ “እማ፣ እኔ ነኝ” እያለችኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ይህን ያመጣችብኝ ራዲዮ ናት። ራዲዮ የምንላት ስፌት ቤት ከጎኔ ተቀምጣ የምትሰፋዋን ሴትዮ ነው፤ ወሬ ሳትይዝ ገብታ አታውቅም። የዚያን ዕለት ጠዋት መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች፣ “የጎረቤቴን ጉድ ሰማችሁ?” አለች። ልጇ ደውሎ “ታስሬያለሁ፣ ድረሺልኝ” ሲላት ያላትን ብር ሁሉ አሟጣ ላከች። ለካስ ልጁ ቤቱ ተኝቷል።

“ማን ነው ታዲያ የደወለው?” አልኳት።

“ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነዋ! ድምፅ ይሠራል፣ ፊት ይሠራል።”

“እኔ የልጄን ድምፅ አልስትም።”

“እሷም እንዲሁ ስትል ነበር” አለችና የስፌት መኪናዋን አንገጫገጨችው።

እኔ ድሮም ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ። ልጄ ሌላ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆና ከሄደች ወዲህ ስልኳ ሲዘገይ ታመመች እላለሁ፤ ሲፈጥን ደግሞ ምን ሆና ነው እላለሁ። ድምጿን ስሰማ ግን ልቤ መለስ ይል ነበር። ራዲዮ ያችኑ አንዲት ማረፊያዬን ወሰደችብኝ።

ልጄ ደግማ ደወለች።

“እማ፣ ምን ሆነሻል?”

“ማን ልበል?”

“ማን ልበል? አምጠሽ የወለድሽኝ ነኛ!”

“እሱንማ ማንም ይላል።”

ሳቀች። መጨረሻው ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው የራሷ ሳቅ ነው። ደስ ሊለኝ ሲል ፈራሁ፤ ድምፅ የሠራ ሳቅ ያቅተዋል?

“በቪዲዮ ልደውልልሽ?”

“ፊትም ይሠራል አሉ።”

“ማን አለሽ? ራዲዮ ናት አይደል? አስተውሎቱን ለሷ ቢሠሩላት ምን ነበረበት!”

ያኔ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ። “ሻርፕሽን ላኪልኝ። አንገትሽ ላይ የዋለውን። እንዳታጥቢው።”

“ቆሻሻውን?”

“ቆሻሻውን።”

ማረጋገጫ ብቻ ፈልጌ አልነበረም። የሄደች ሰሞን የትራሷን ልብስ ሳላጥብ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ሲጨንቀኝ እያወጣሁ አሸተው ነበር። እየዋለ ሲያድር እንጨት እንጨት ማለት ጀመረ። ድምጿ በስልክ ይመጣል፤ ጠረኗ ግን በምን ይምጣ?

ሻርፑን የአውቶቡስ ሾፌር አደረሰልኝ። በሬን ዘግቼ ፌስታሉን ፈታሁ። ታጥቧል። ተተኩሷል። እንደ ሆቴል ፎጣ ጠርዝ ለጠርዝ ተገጣጥሞ ታጥፏል። አፍንጫዬን ቀበርኩበት፤ ሳሙና ብቻ ነው። የማላውቀው እንግዳ ሁሉ የሚተኛበት አንሶላ ሽታ። ልጄን እዚያ ውስጥ እያገላበጥኩ ፈለግኳት፣ በስፌቱ በኩል፣ በዘርፉ በኩል። የለችም።

ደወልኩላት።

“ምነው አጠብሽው?”

“ታዲያ ላብ የጠጣ ጨርቅ ለናቴ ልላክ? ሾፌሩ ቢከፍተውስ? ምን ዓይነት ዝርክርክ ናት አይለኝም?”

“ይሉኝታሽ አንድ ቀን ይደፋሻል።”

“ከማን ወረስኩት? እሺ፣ ሌላ ልላክ። በቃ አላጥበውም።”

“ሌላ አትላኪ። ራስሽ ነይ።”



እንግዳ የሚጎርፍበት ወቅት ነው፤ ፈቃድ እንደማይሰጧት አውቃለሁ። እመጣለሁ ብትለኝ ኖሮ እጠረጥራት ነበር፤ አታላይ፣ ሰው መስማት የሚፈልገውን አይነፍገውም። እሷ ግን እመጣለሁ አላለችኝም። ከኋላዋ ማጠቢያዎቹ ሲዞሩ ይሰማኛል። አንዲት ሴት “አንሶላው የታለ?” እያለች ትጮኻለች።

“እማ” አለችኝ።

“ወይ፣ የኔ ልጅ።”

“ናፈቅሽኝ እኮ።”

አንገቴ ላይ የጠመጠምኩት ሻርፕ ከነሳሙና ሽታው በእንባዬ ረጠበ። 

“ምሳ በልተሻል?” አልኳት።

“ገና ነኝ።”

“በባዶ ሆድሽ ራስሽን ልትጥይ ነው? ሂጂ ብዪ!”

“እሺ” አለችኝ፤ አልሄደችም።