ቲቸር ጀርባዋን ስታዞር

«እግርሽን! እግርሽን አንሺ፣ መስቀሉን ረገጥሽው እኮ!»

ጸሎት መሪው ጋሽ ፊደንሲዮ እንዲህ ብለው ሲጮሁ መቁጠሪያ የያዘው ሰው ሁሉ ጸሎቱን አቋርጦ ወለሉን አየ። ኦቲሊያ የጠፋ ሻማ ልታበራ ስትራመድ የኖራውን መስቀል ቀኝ ክንድ ረግጣዋለች። ጉድ ነው! ሬሳ ባረፈበት ወለል ላይ የተሠራ የኖራ መስቀል ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንደማይረገጥ፣ በዘጠነኛው ቀን ተጸልዮበት እንደሚነሳ እኛ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። እሷ ግን በሦስት ዓመቷ ድንበር ተሻግራ እንግሊዝኛ ወደሚነገርበት ወደ ሰሜን ተወስዳ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ «ወረቀት የለሽም» ተብላ የተባረረች ልጅ ናት። ከየት ትወቀው?

«ይቅርታ» አለች በተኮላተፈ አፏ።

«ተዉአት» አለች ልብስ አጣቢዋ ሚካኤላ። ለጎረቤቷ ማንሾካሾኳ ነው፤ ግን ቤቱ በሙሉ ሰማ። «አክስቷን በቁሟ የረገጠች ልጅ ኖራ ብትረግጥ ምን ይገርማል?»

ኦቲሊያ ተንበርክካ የተበተነውን ኖራ በጣቷ መለሰች። ቀና አላለችም። ሚካኤላ ምላሷ መርዝ ነው፤ የባሰው ግን እውነቷን መሆኑ ነበር።

ሟቿ የኦቲሊያ አክስት ቲቸር ኤፍሮሲና ናት። ከዚህች ከተማ ርቃ ሳትሄድ፣ ከሬዲዮና ለገና ከሰሜን ከሚመጡ ልጆች እንግሊዝኛ ለቃቅማ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህችው የፊት ክፍሏ አስተማረችን። እኔም ብሆን ያችን የማውቃትን ሰላምታ ከእሷ ነው የተማርኳት። መስቀሉ የተሠራው እዚያው ክፍል፣ አግዳሚዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ነው። ሰሌዳው ላይ የመጨረሻ ትምህርቷ እንዳለ አለ፤ ለማጥፋት የደፈረ የለም።

ባሕሩ ዳር አዲስ ሆቴል ሊከፈት ነው። ከሐዘኑ መዝጊያ ማግስት፣ በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ስድስት ሴቶቻችን እዚያ በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ይጠብቃቸዋል። ቲቸር አምስት ወር ስታዘጋጃቸው ቆይታ፣ ዋናው ጥናት ሲደርስ ልቧ ቀጥ አለ። መስቀሉ እስኪነሳ ድረስ ክፍሉ ውስጥ ትምህርት የሚባል ነገር የለም። ግቢው ግን ክፍት ነው፤ ቋንቋውን የምታውቅ ሰውም አለች።

በአራተኛው ቀን ሚካኤላ ኩራቷን ውጣ መጣች። ኦቲሊያ ኩባያ እያጠበች ነበር።

«ስሚኝ እስቲ። የዚያን ቀን ከአፌ አምልጦኝ ነው።»

«አላመለጠሽም።»

«እሺ፣ አላመለጠኝም። ግን ስድስት ነን፣ ቀኑም እየሄደ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ሰዓት ብታስጠኚን ምን ይጎድልብሻል?»

«እኔ አስተማሪ አይደለሁም።»

«እንግሊዝኛውን ከእኛ ቋንቋ በላይ ትናገሪው የለ እንዴ!»

«መናገር ማስተማር አይደለም።»

«እሱንማ አይተነዋል» አለች ሚካኤላ፣ አንድ ኩባያ አንስታ እያደረቀች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «የሰው ልብስ ሳጥብ እጄ አለቀ፣ ኦቲሊያ። እስቲ እዪው።»

ኦቲሊያ እጇን አየችው። ከዚያ ወደ ኩባያዎቿ ተመለሰች።

ሚካኤላ አይተነዋል ያለችው ነገር የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ኦቲሊያ አንዲት ፌስታል አንጠልጥላ ከአውቶቡስ ከወረደች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አክስቷ ስታስተምር ሰማች፤ አጠራሯ ሁሉ ጆሮዋን ኮሰኮሰው። «አክስቴ፣ እንደዚያ አይባልም» አለች ጮክ ብላ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እሱም እንደዚያ አይባልም።» ሦስተኛው ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ጠመኔዋን እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ደም መሰለ። ኋላ ግን ፈገግ አለችና፣ «አያችሁ፣ ስጸልይ ኖሬ ኖሬ እግዜር እውነተኛ ቲቸር ላከልኝ» ብላ ጠመኔውን ለኦቲሊያ ሰጠቻት። ራሷ ከተማሪዎቿ ጋር ተጠጋግታ ተቀመጠች። ደብተርም አወጣች።

ኦቲሊያ ያን ዕለት ደስ አላት። ዛሬ ይቅር ልትለው ያቃታት ያንን ደስታዋን ነው።

ጠመኔውን እንደያዘች ቶርቲላ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ የምትሸጠውን ብሪሂዳን አስነስታ ጠየቀቻት። ብሪሂዳ ዝም አለች። ፈጠን አድርጋ ደገመችላት። አሁንም ዝም። ጮክ አድርጋ ደገመችላት። በመጨረሻ መልሱን ራሷ መለሰችው። የአርባ ሦስት ዓመቷ ሴት ቅርጫቷን አንስታ ወጣች፤ ወር ሙሉም አልተመለሰችም። ኦቲሊያም ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ፣ «ሁለተኛ አልነካውም» አለች። አክስቷ አንድም ቀን አልወቀሰቻትም። አመሻሽ ላይ ግን ደብተሯን ይዛ ምድጃው አጠገብ ትመጣና፣ «ይሄስ እንዴት ነው የሚባለው፣ የኔ ልጅ?» ትላት ነበር። በስልሳ ሁለት ዓመቷ! ኦቲሊያም ስልኳን እያየች ነበር የምትመልስላት።

በሰባተኛው ቀን ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ለመዝጊያው ድግስ የሚቀቀል ታማሌ ይጠቀልሉ ነበር። ብሪሂዳ መጥታ ኦቲሊያ አጠገብ ተቀመጠች። የበቆሎ ልጣጩ ላይ ሊጥ እየለቀለቀች ብዙ ቆየች። በገዛ ቋንቋዋም ቢሆን ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት።

«ቲቸር ሰው ከጠየቀች በኋላ ጀርባዋን ታዞር ነበር። አስተውለሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ። የጸዳውን ሰሌዳ ደግማ ትወለውላለች። እኔ መልሱ ጠፍቷት ይመስለኝ ነበር።»

«ውይ ልጄ!» አለች ብሪሂዳ። «እኔም ግራ ገብቶኝ አንድ ቀን ጠየቅኳት። ‹ሰው ልብስ ሲቀይር ዞር ይባልለት የለ? ቃል ሲፈልግም እንደዚያው ነው› አለችኝ። ሰው ሲያየኝ እኮ ምላሴ ይተሳሰራል። ስትዞርልኝ ግን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ይመጣል።»

የኦቲሊያ እጅ ሊጡ ላይ ቀረ።

«ያኔ ጥዬ የሄድኩ ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥታለች። አንቺን ያላልኩሽ ነገር አልነበረም፤ ምን እደብቅሻለሁ። እሷ ግን ሁሉን ሰምታ፣ ‹አትፍረጂባት፣ ብሪሂዳ። ሰሜን አገር እሷን የጠበቃት ሰው የለም› አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ለኦቲሊያ ገባት። ነገሩን ለአክስቷ የነገረቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ሆና፣ እዚያ አገር ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሽንት ቤት ልሂድ የምትልበትን ቃል ስትፈልግ አስተማሪዋ ፊቷ ላይ አፍጥጣ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ትላት ነበር። ቃሉ ሳይመጣ ልብሷ ላይ አመለጣት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ ይህን ሁሉ ረስታ፣ ቋንቋውን ከእናቷ ሆድ ይዛው የወጣች ይመስል፣ ብሪሂዳ ፊት አፍጥጣ ቆመች። አክስቷ ግን አልረሳችውም።

«አክስቴን እኮ...» አለችና መጨረስ አቃታት። አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ብሪሂዳ አላየቻትም። ዞር ብላ የተጠቀለሉትን ታማሌዎች አፍርሳ እንደገና ደረደረች።

«እፈራለሁ፣ እትዬ ብሪሂዳ» አለች ኦቲሊያ ቆይታ።

«እኔስ የማልፈራ መሰለሽ?»

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መስቀሉ ተነሳ። ጋሽ ፊደንሲዮ እየጸለዩ፣ የተመረጡት ሰዎች ተራ በተራ ተንበርክከው ራሱን፣ ሁለቱን ክንዶች፣ እግሩን በአበባ እየጠረጉ ሰሐን ላይ አደረጉት። መሀሉን፣ የልቡን ቦታ፣ ኦቲሊያ ታንሳው ያለችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሚካኤላ! ኦቲሊያ አንዲት ፍንጣሪ ሳታስቀር ጠረገችው። ኖራው ከመቃብሯ እንዲገባ ሳጥን ውስጥ ተደረገ። ወለሉ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ብቻ ቀረ።

ሰዉ በልቶ መበተን ጀመረ። ስድስቱ ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ስለ ነገው አውቶቡስ ያወራሉ፤ የአንዳቸውም ፊት አያምርም።

«አትሂዱ» አለች ኦቲሊያ። «አግዳሚዎቹን እንመልሳቸው።»

«ዛሬውኑ?» አሉ ጋሽ ፊደንሲዮ። «ሻማው እንኳ ሳይጠፋ?»

«ይብራ፣ ጋሼ፣ ምን ቸገረዎት» አለች ሚካኤላ አንዱን አግዳሚ እየጎተተች። «እሷም ትስማን።»

ተቀመጡ። ኦቲሊያ ፊታቸው ቆመች፤ ጣቶቿ በኖራ ነጥተዋል። የሆቴሉ ሰዎች እንደሚጠይቁት በእንግሊዝኛ፣ «እትዬ ብሪሂዳ፣ ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽው?» አለች። ቀስ ብላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ብሪሂዳ ተነሳች። አፏ ተከፈተ፤ ምንም አልወጣውም። ሚካኤላ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘች። መልሱ ኦቲሊያ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ብትለው ሁሉም ይገላገሉ ነበር።

አላለችውም። ዞር ብላ ዳስተሩን አነሳች። የአክስቷ ጽሑፍ ያለበትን ትታ፣ ምንም ያልተጻፈበትን የሰሌዳውን ግማሽ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች መወልወል ያዘች። እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ። ያየባት የለም።

ከኋላዋ አግዳሚው ሲጢጥ አለ። ከዚያ የብሪሂዳ ድምፅ መጣ፤ አንድ ቃል፣ ቆይቶ ሁለተኛ ቃል፣ ሁሉም በአክስቷ አጠራር።

ኦቲሊያ አላረመቻትም። መወልወሏን ቀጠለች።